ተቀባይ የጠፋ እንደሆነ

ፔጊ የሞተችው ማክሰኞ ማለዳ፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሻይዋን ሳትጨርስ ነው። ወንድሟ ኢቫንደር ላም አልቦ ሲመለስ ያሸለበች መስሎት እሳቱን በቀስታ ቆሰቆሰ፤ እንዳይቀሰቅሳትም በእግሩ ጫፍ እየረገጠ ቁርሱን ሠራ። ሁለቱም ሳያገቡ፣ አባታቸው በተወላቸው ቤት፣ አንድ ምድጃ እየሞቁ ነው ያረጁት። ተጣልተው ያውቃሉ ወይ ለሚል፣ አዎ፣ አንድ ጊዜ ተጣልተዋል። ያ አንድ ጊዜ ግን ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

የጠቡ ምክንያት ቤተ ክርስቲያኑ ነው። የደሴቲቱ መንደር የታርስታ ምእመን ገሚሱ ወደ መቃብር፣ ገሚሱ ወደ ግላስጎ ሄዶ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ። ሕንፃው ይሸጥ ወይስ የመንደሩ አዳራሽ ይሁን ተብሎም እጅ ወጣ። አባቱም እሱም በዚያ ቤት መዝሙር አውጪ ነበሩና ኢቫንደር ተነሥቶ፣ «ጭፈራ ከሚገባበት ይፍረስና ድንጋዩ ባሕር ይግባ» አለ። ፔጊ ከጎኑ ተቀምጣ እጇን ለአዳራሹ አወጣች፤ እሷን ያዩ ሁሉ ተከተሏት። ኢቫንደርም፣ «እግሬ ያንን ደጅ ቢረግጥ ይቆረጥ!» ብሎ ማለ። በዚያ ደሴት ሰው እንደ ዋዛ አይምልም።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ በመጣ ቁጥር ፔጊ ካፖርቷን ደርባ ወደ አዳራሹ ትሄዳለች፤ ኢቫንደር ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ እሳት ይሞቃል። ድምፅዋ ተዘግቶ ትመለስና ማር በሙቅ ውኃ በጥብጣ ትጠጣለች። እሱም በልቡ «ስታሽካካ አምሽታ» ይላል። አንድም ቀን አልጠየቃት፣ አንድም ቀን አልነገረችው። መንደርተኛውም ቢሆን የአዳራሹን ስም ሲያነሣበት ቆቡን ደፍቶ ውልቅ ስለሚል፣ ማንሣቱን ተወ። እሑድ እሑድ ግን ወንድምና እህት ከደሴቲቱ ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በአንድ መኪና ሄደው፣ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ይጸልያሉ። እዚያ መዝሙሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚመራውም ኦርጋን ስለሆነ አውጪ አይፈለግም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የተባለው ለኢቫንደር ሳይሆን አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ኤፊ መጣች። ኤፊ የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ፣ የፔጊ የልብ ወዳጅ፣ ምላሷ እንደ በግ መሸለቻ የሚቆርጥ መበለት ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ኢቫንደር፣ ቁጭ በል።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«እንግዲያው ቆመህ ስማ። ብትወድቅ ግን አላነሣህም፤ ወገቤን ያመኛል። ፔጊ ቃል ትታለች። ሽኝቴ በአዳራሹ ይሁን ብላለች።»

ኢቫንደር እጁ ወደ ቆቡ ሄደ። ነገር ግን የት ይወጣል? ያለው ገዛ ቤቱ፣ እህቱ ወዲያኛው ክፍል ተጋድማ።

«ሌላም አለ» አለች ኤፊ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መዝሙሩ በአገራችን ቋንቋ፣ በጌሊክ ይሁን፣ በድሮው ዜማ፣ የሚያወጣውም ወንድሜ ይሁን ብላለች። ያንን ስለ ተራሮቹ የሚናገረውን።»

«እኔ?»

«ሌላ ወንድም አላት እንዴ?»

«እሺ፣ እኔ ላውጣ። ተቀባዩ ማን ነው? ግድግዳው?»

«አንተ አውጣው፤ መቀበሉ የእኛ ፈንታ ነው።»

«እናንተ የምታውቁት ቢንጎ ነው።»

«ቢንጎም እናውቃለን» አለች ኤፊና አፍንጫዋን ጠርጋ ወጣች።

የኤፊ ቀልድ ግን ሆዱን አላረጋጋለትም። የድሮው አዘማመር እንዲህ ነው። አውጪው ብቻውን ቆሞ የመስመሩን ቃል ይሰጣል። ሕዝቡም ያንኑ ቃል ተቀብሎ፣ ዝግ ብሎ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ጌጥ እያስረዘመ ይወስደዋል። መሣሪያ የለም፣ ጽሑፍ አያሻም፤ ቃሉ ከአውጪው አፍ ይገኛል። ዜማውን መሸከም ግን ከልጅነት ካልለመዱት በአንድ ቀን የሚያዝ አይደለም። አውጪ ያለ ተቀባይ ደግሞ ምንም አይደለም፤ ብቻውን የሚጮህ ሽማግሌ ነው።

ኢቫንደር ይህን አንድ ጊዜ አይቶታል። ቤተ ክርስቲያኑ ሊዘጋ ሰሞን፣ በመጨረሻው እሑድ፣ ለጥቂት አዛውንት አወጣ። የተመለሰለት የፔጊ ድምፅና የአንድ የደከመ ሽማግሌ ማንቋረር ብቻ ነበር። ሁለተኛውን መስመር ሲሰጥ ሽማግሌው ሳል ያዘው፤ የቀረችው ፔጊ ናት። ያን ቀን ያፈረውን እፍረት ለማንም አልተናገረም። ስለ ጭፈራው ያን ያህል የተቆጣውም ገሚሱ ለዚሁ ነው። ዳግመኛ በዚያ ቤት ውስጥ አፉን ከፍቶ ዝምታ እንዳይመልስለት ፈርቶ ነበር፤ ቁጣ ደግሞ ከፍርሃት ይልቅ ሰው ፊት ያምራል። ዛሬ ያቺ የቀረችው አንዲት ተቀባይ ራሷ የሬሳ ሣጥን ልትገባ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ለኢቫንደር ሁለቱም በአንድ ሳምንት መጡበት።

ረቡዕና ሐሙስ ቤቱ በሰው ተሞላ። ጎረቤት ወንበር ተሸክሞ፣ ሳንዱችና ሾርባ ይዞ ይገባል፤ በሣጥኑ ዙሪያ ይቀመጣል፤ ይጸልያል፤ ስለ ዝናቡ ያወራል። ኢቫንደር ግን ፊታቸውን እያየ የሚያስበው ሌላ ነበር። «ይቺ ትችላለች? አትችልም። ይሄ? ከእንግሊዝ የመጣ ሸማኔ ነው፤ ጌሊክ የሚያውቀው ለውሻው ብቻ ነው። ይሄስ? አባቱ ይችል ነበር፤ እሱ ግን መኪና ጠጋኝ ነው።»  እንቅልፍም አጣ፤ ዓይኑን ሲከድን የሚመጣበት ያ ዝምታ ነው።

ሲጨንቀው ወደ ጋጣው ይሄድና በሩን ዘግቶ ለላሚቱ ያወጣላታል። እዚህ ላይ የአገሩን ወግ ማወቅ ያሻል። ቅዱሱ ቃል ለጸሎት እንጂ ለልምምድ አይነሣም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ዜማ ሲጠና ማንም ተራ ግጥም ይገባበታል፤ ስለ ዓሣ፣ ስለ አሮጌ ጀልባ፣ ስለ ሰው አማት። ለዚያ ለተራሮቹ መዝሙር ዜማ በታርስታ የሚታወቀውን የልምምድ ግጥም የገጠመችው ራሷ ፔጊ ናት፤ ገና ኮረዳ ሳለች፣ የኢቫንደር በግ የዚያን ዘመኑ ፓስተር ጓሮ የገባ ጊዜ።

የኢቫንደር አውራ በግ፣ ቀንዱ ዞሮ ኋላ፣
የፓስተሩን ጎመን ሙልጭ አርጎ በላ።
ፓስተሩም ጾሙን አድሮ ለመንጋው ጸለየ፣
በጉ እያመሰኳ ከአጥር ማዶ እያየ።

አባታቸው ሰምቶ ሊቆጣ ሞክሮ ነበር፤ ሳቅ አሸነፈውና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዜማው ከዚህ ግጥም ጋር ተጣበቀ። ኢቫንደርም ሁለት ቀን ሙሉ፣ ጋጣ ውስጥ፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ በሙሉ ክብር ስለ አውራ በጉ ሲያዜም ሰነበተ። መነሻውን ከፍ አድርጎ ይጀምርና ይሰበርበታል፤ ዝቅ ያደርግና ያፍነዋል። ላሚቱ ታመሰኳለች። «አንቺም አትቀበዪኝ» አላት።

ሐሙስ ምሽት የአሁኑ ፓስተር መጣ። ከከተማ የተመደበ፣ ቅን፣ ወጣት ሰው ነው፤ ጌሊክ ግን አያውቅም። ኢቫንደርን ወደ ጥግ ሳብ አደረገው።

«አቶ ኢቫንደር፣ እንዳይጨነቁ። ከከበደዎት በኦርጋን የተቀዳ አለኝ። ሕዝቡ በእንግሊዝኛ አብሮ ይዘምራል። ማንም አይቀየምዎትም።»

ኢቫንደር «እሺ» ሊል አፉን ከፈተ። ደረቱ ቀለል አለው። ሁሉም ነገር በአንዲት ቃል ያልፋል፤ ነገ እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ዓይኑ ግን ወደ ሣጥኑ ሄደ። ፔጊ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ለምናው አታውቅም፤ «አዳራሹን አንድ ቀን እየው» እንኳ ብላው አታውቅም። አሁን አንድ ነገር ለመነችው።

«አይ፣ አወጣለሁ» አለ። ፓስተሩ ትከሻውን ነካ አድርጎ ሄደ፤ ኢቫንደር ግን ወዲያው ተጸጸተ። ሮጦ ሊመልሰው እስከ በሩ ደረሰና የመኪናውን መብራት ብቻ አየ።

ዓርብ ነፋሱ ከባሕር ነበር። ወንዶቹ ሣጥኑን በየተራ እየተቀባበሉ ኮረብታውን ወጡ። አዳራሹ ደጃፍ ሲደርሱ ኢቫንደር ተራው ሆኖ ከፊት ተሸክሟል፤ ቆሞ ማሰብ እንኳ አልቻለም። መኪና ጠጋኙ ኬኒ ከጎኑ ነበር።

«ደፉ ከፍ ይላል፣ ጋሼ ኢቫንደር፤ እንዳይመታዎት» አለው።

«ከመወለድህ በፊት አውቀዋለሁ» አለ ኢቫንደርና እግሩን አስገባ። አልተቆረጠም። እንዲያውም ተቆርጦ በሆነ ብሎ ተመኘ።

ውስጡ ሻይና የወለል ቀለም ይሸታል። መስበኪያው የለም፤ በቦታው መድረክ ተሠርቷል፤ ከመድረኩ ግድግዳ ላይ የቢንጎ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ወለሉ ላይ የባድሚንተን መጫወቻ መስመር ተቀብቷል። ሣጥኑን ያሳረፉት መረቡ በሚዘረጋበት መካከል ላይ ነው። የአውጪው ሣጥን የሚሉት፣ አባቱ ይቆምባት የነበረችው ከፍ ያለች ጠባብ ቦታ ተነሥታለች፤ አሁን በዚያ በኩል ሻይ የሚቀዳበት መስኮት አለ። አገር ሞልቷል። ሕፃናት፣ ሸማኔው ከነሚስቱ፣ ሱቋ ውስጥ የምትሠራው ልጅ፣ በሕይወቱ ቤተ ክርስቲያን ያልረገጠ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ተቀምጧል። ኢቫንደር የድሮ ፊቶችን ፈለገ። ኤፊን አየ፤ ሁለት ሦስት ሌሎችንም አየ። ከዚያ ወዲያ የለም። 

ፓስተሩ ጸለየ፣ አነበበ፣ ተናገረ። ምን እንዳለ ኢቫንደር ዛሬም አያውቀውም። ሲጠራው ብቻ ሰማ። ተነሣ። የወንበሩን ጀርባ ያዘ። የት ልቁም ብሎ ተጨነቀና እዚያው የባድሚንተኑ መስመር ላይ ቆመ። ሕዝቡ ዝም አለ። የሚፈራው ዝምታ ይኸው፣ ገና ሳይጀምር። መነሻውን ፈለገ፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ አይ፣ ይኼ ነው። ዓይኑን ጨፈነ፤ አፉን ከፈተ፤ ድምፁም ጥርት ብሎ፣ ሳይሰበር፣ ጣራውን ሞልቶ ወጣ።

«የኢቫንደር አውራ በግ፣ ቀንዱ ዞሮ ኋላ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኢቫንደር ምን እንዳለ የገባው መስመሩን ከጨረሰ በኋላ ነው።  እህቱ ሣጥን ላይ፣ በእግዚአብሔር ፊት፣ አገር በተሰበሰበበት፣ ስለ በግ! ፓስተሩ አንገቱን በአክብሮት ደፍቷል፤ እሱ ምን ያውቃል። ኤፊ አፏን ይዛለች። ኢቫንደር ምድር ብትከፈት፣ ከፔጊ ቀድሞ ቢገባ ደስ ባለው።

ያኔ ተቀበሉት።

መጀመሪያ ከፊት ወንበር፣ ወዲያው ከኋላ፣ ከዚያ ከየአቅጣጫው ተነሣ። ዝግ ያለ፣ ከባድ፣ ሙሉ ድምፅ ነበር። ሸማኔው ይዘምራል። ሚስቱ ትዘምራለች። ኬኒ የመኪና ዘይት የማይለቀው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ የሱቋ ልጅ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ሕፃናቱ ሁሉ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ስለ ዞረው በግ እያንዳንዱን ፊደል እያስረዘሙ፣ በየራሳቸው ጌጥ እያስጌጡ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያዜማሉ። አንድም የሚስቅ የለም። ኢቫንደር ይህን ያህል ተቀባይ በአባቱ ዘመን እንኳ አልሰማም።

ምን ያድርግ? የተጀመረ ዜማ አይቋረጥም። ሁለተኛውን መስመር ሰጠ፤ ጎመኑን። ተቀበሉት። ሦስተኛውን ሰጠ፤ ፓስተሩ ለመንጋው ሲጸልይ። ተቀበሉት፤ ፓስተሩም በእንባ ራሱን ነቀነቀ። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ግን ኢቫንደር አንድ ነገር ሰማና ጆሮውን ተጠራጠረ። ድምፁን ከማሳረፋቸው በፊት ሁሉም ወደ ላይ ቆልመም አድርገው መለሱት። ያቺ ቁልመማ የአባቱ ናት። በደሴቲቱ ሌላ አውጪ አያውቃትም። ከአባቱ የተማሯት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው እሱ ነው።

አራተኛው መስመር አለቀ። ኢቫንደር ወደ ወንበሩ ሊመለስ ሲል ኤፊ እጅጌውን ያዘችው። ጉንጯ በእንባ ርሷል፤ ከንፈሯ ግን ሳቅ ይታገለዋል።

«የት ትሄዳለህ?» አለችው በሹክሹክታ።

«አዋረድኳት።»

«አንተ ጅል፣ እኛ ሌላ ግጥም የት እናውቅና! ዓርብ ዓርብ እሷ አይደለችም እንዴ የምታወጣልን? ከካርታው በፊት፣ ከጭፈራው በፊት። ካልዘመራችሁ ሻይ አትጠጡም እያለች።»

ኢቫንደር ትዝ አለው። ያ የተዘጋ ድምፅ፣ ያ ማር በሙቅ ውኃ።

«ሴት በቤተ ክርስቲያን አታወጣም» አለ በመጨረሻ፤ የመጣለት እሱ ብቻ ነበር።

«እሱማ አዳራሽ ነዋ! ለምን እጇን ያወጣች መሰለህ?» ኤፊ እጅጌውን አልለቀቀችም። «ቅዱሱን ቃል ግን አንድ ቀንም ሰጥታን አታውቅም። ዜማው እኮ ገባን፣ ምነው ቃሉን ብትሰጪን ብለን ብንለምናት፣ ‹እሱ የኢቫንደር ነው። ሲመጣ ይሰጣችኋል› ትለን ነበር። በየዓርቡ በሩን እያየች።»

ኢቫንደር ሣጥኑን ተመለከተ። ኮረብታውን ለመውጣት ስንት ደቂቃ ነው? ካፖርት ለብሶ፣ በሩን ከፍቶ፣ መግባት ነበር። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ እሳት ሞቀ። እንባው ያለ እፍረት ወረደ። ይቅርታ ሊጠይቃት ፈለገ፤ የሚሰማው ጆሮ ግን ማክሰኞ ጠዋት ሻዩ ሳያልቅ ሄዷል።

ዞሮ ቆመ። ስለ ተራሮቹ የሚናገረውን፣ እውነተኛውን ቃል ለመስጠት አፉን ከፈተ፤ ሳግ ያዘውና ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና አልወጣም። ሕዝቡ አላጉረመረመም፣ አልተቁነጠነጠም። ሁሉም ዓይናቸውን እሱ ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሃያ ዓመት የጠበቁ ሰዎች ናቸው፤ አሁን አይቸኩሉም።